ፈጣን መኪና በማኑዋል ወይስ በአውቶማቲክ? ክርክሩ የሚምታታው የት ላይ ነው

እ.ኤ.አ. 2024 ለፈጣን መኪና ወዳጆች ግራ የሚያጋባ ዓመት ነበር። በዓመቱ መግቢያ ላይ ፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይን አድሶ ሲያቀርብ ማኑዋል ካምቢዮውን ከምርጫው አወጣው። በዚያው ሰሞን ቶዮታ ለራሊ ታስቦ የተሠራውን ጂአር ያሪስ አደሰ። ባለ ቱርቦው ጂአር ያሪስ እስከዚያ ድረስ በማኑዋል ብቻ ነበር የሚሸጠው። አሁን ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክም ተጨመረለት። ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ ፖርሽ አዲሱን 911 ካሬራ ቲ በማኑዋል ብቻ ይዞ ወጣ።

አንዱ ይጥላል፣ አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይመልሳል። ስለዚህ ወሬው ለሁለት መከፈሉ አይገርምም። አንዱ ወገን "ማኑዋል አብቅቶለታል" ይላል። ሌላው "እውነተኛ ፈጣን መኪና ማኑዋል ብቻ ነው" ይላል። ሁለቱን ሰብሰብ ብሎ ላዳመጠ ግን የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ስለ ፍጥነት ያወራል። ሁለተኛው ስለ መንዳት ያወራል። በፍጥነት በኩል ጥያቄው ከተመለሰ ዓመታት አልፈዋል። ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ማሰብ ያለበት ሁለተኛውን ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ከተጻፈው በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"አውቶማቲክ" ሲባል የትኛው?

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። የቤንዚን ሞተር ደህና ጉልበት የሚሰጠው በተወሰነ የዙር ክልል ውስጥ ነው፤ ዙር ማለት ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር ነው። መኪናው ግን ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ መሄድ አለበት። ካምቢዮ ያለው ለዚህ ነው። ማርሾቹ እየተፈራረቁ ሞተሩን በሚመቸው ዙር ላይ ያቆዩታል።

በማኑዋል ማርሽ ለመለወጥ ሞተሩና ጎማው ለቅጽበት መለያየት አለባቸው። ፍሪሲዮን የሚረገጠው ለዚህ ነው። እግሩ ፍሪሲዮን ላይ ባለበት በዚያች ቅጽበት ጎማው ምንም ጉልበት አያገኝም። የፍጥነቱ ክርክር በሙሉ ያለው እዚህች ክፍተት ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው አውቶማቲክን የሚያውቀው በቤተሰብ መኪና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ የነዳ ሰው ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ እያጓራ መኪናው ቀስ ብሎ ሲከተል ያውቀዋል። በኋለኞቹ ቪትዞች ላይ ያለው ሲቪቲ ይባላል። ቋሚ ማርሽ የለውም። ስፋታቸውን በሚለዋውጡ ሁለት ፑሊዎች መካከል በተዘረጋ ቀበቶ ይሠራል። ለነዳጅ ቁጠባ ጥሩ ነው፣ ለፈጣን መኪና ግን አልተፈጠረም። ፈጣን መኪናን በዚህ ትዝታ መመዘን ትልቅ ስህተት ነው።

በፈጣን መኪኖች ላይ የታዩት አውቶማቲኮች በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማኑዋል ነው። ውስጡ ያው ተራ ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው ግን በዘይት ግፊት የሚሠራ ማሽን ነው። ፌራሪ በ1997 ኤፍ355 ላይ ለመንገድ መኪና አቀረበው። በጊዜው ትልቅ ነገር ነበር። ቀስ ብለው ሲነዱት ግን ይነጥራል፣ ፍሪሲዮኑንም ቶሎ ይበላል። ዛሬ ከገበያው ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ነው። ፎልክስዋገን ዲኤስጂ፣ ፖርሽ ፒዲኬ ይለዋል። አንዱ ፍሪሲዮን 1ኛ፣ 3ኛ እና 5ኛን የመሳሰሉ ጎዶሎ ማርሾችን ይይዛል፤ ሌላው 2ኛን፣ 4ኛን እና 6ኛን ይይዛል። መኪናው በ3ኛ እየሄደ ሳለ 4ኛ ማርሽ ገብቶ ይጠብቃል። ልክ እንደ ዱላ ቅብብል ነው፤ ተቀባዩ ሯጭ ዱላው እጁ ሳይደርስ መሮጥ ጀምሯል። አንዱ ፍሪሲዮን ሲለቅ ሌላው ስለሚይዝ ጎማው ያለ ጉልበት የሚቀርበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ፖርሽ ይህን በ1980ዎቹ በ956 እና በ962 የእሽቅድምድም መኪኖቹ ላይ ሞከረው። በብዛት ተመርቶ የተሸጠው ግን በ2003 በጎልፍ አር32 ነው። 911 ላይ የደረሰው በ2008 ነበር።

ሦስተኛው የድሮው አውቶማቲክ ነው፣ ግን እጅግ ተሻሽሎ። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ፍሪሲዮን ሳይሆን በዘይት ጉልበት የሚያስተላልፍ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል ክፍል አለው። ድሮ ዘይቱ ውስጥ ጉልበት ስለሚባክን ይዝል ነበር። ዜድኤፍ እንደተባለው የካምቢዮ አምራች ባለ 8 ማርሽ ያሉት አዳዲሶቹ ግን መኪናው ከተነሳ በኋላ ኮንቨርተሩን ይቆልፉትና ብክነቱ ይቀራል። ቢኤምደብሊው ኤም5 እና ኤም3ን በባለ ሁለት ፍሪሲዮን ሲሸጥ ቆይቶ ወደዚህ ዓይነት ተመልሷል። በመጨናነቅ ውስጥ ለስላሳ ነው፣ ብዙ ጉልበትም ይሸከማል። የፍጥነት ልዩነቱም ነጂው የሚያስተውለው አይደለም።

በፍጥነት በኩል የሚያከራክር ነገር የለም

ቁጥሩ ከፋብሪካው ነው። ፖርሽ በ2021 ያወጣው 911 ጂቲ3 ከ0 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ በፒዲኬ 3.4 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ በማኑዋል 3.9። ሞተሩ አንድ ነው። ማኑዋሉ እንዲያውም ቀለል ይላል፤ 1,418 ኪሎ ግራም ሲሆን ፒዲኬው 1,435 ነው። ቀሎም ይዘገያል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግማሽ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ገደማ እንደሚጓዝ ካሰብን ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በ2023ቱ ቢኤምደብሊው ኤም2 ላይ ልዩነቱ ይጠባል፤ አውቶማቲኩ 4.1፣ ማኑዋሉ 4.3 ሰከንድ ነው።

ይህ ደግሞ ማኑዋሉን የነዳው ሰው አንድም ሳይሳሳት ነው። በድካም፣ በሙቀት፣ ሩጫ ሜዳውን ለአሥረኛ ጊዜ ሲዞር ሰው ይሳሳታል። አንዱ ስህተት በተለይ ውድ ነው። በ3ኛ ማርሽ ሞተሩን እስከ ጣሪያው አስጩኾ ወደ 4ኛ ሲስብ እጁ ትንሽ ያመለጠው ነጂ 2ኛ ውስጥ ይገባል። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ጎማው ሞተሩን ከአቅሙ በላይ በግድ ያዞረዋል። ቫልቮች ይታጠፋሉ፣ አንዳንዴ ሞተሩ እዚያው ያበቃለታል። ዙር የሚገድበው ኮምፒውተር እዚህ ላይ ምንም አያድንም፤ እሱ የሚያቆመው ነዳጅን እንጂ የጎማውን ግፊት አይደለም። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ግን ነጂው ቢያዘውም እንዲህ ያለውን ማርሽ አላስገባም ይላል።

በእሽቅድምድም ነገሩ ያለቀው ቀደም ብሎ ነው። በ1989 ፌራሪ ጆን ባርናርድ የነደፈውን 640 የተባለ የፎርሙላ 1 መኪና ይዞ ብራዚል ገባ። ማርሹ የሚለወጠው ከመሪው ጀርባ ባሉ መቅዘፊያ መሰል ማንሻዎች ነበር። በሙከራ ጊዜ ደጋግሞ ስለተበላሸ ውድድሩን ይጨርሳል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። የቡድኑ ነጂ ናይጄል ማንሰል ግን አሸነፈበት፤ በመሀል መሪው ራሱ ችግር ገጥሞት በጥገና ጣቢያው ተቀይሮለታል። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ በፎርሙላ 1 ማኑዋል ይዞ የቀረው ትንሹ የፎርቲ ቡድን ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የፎርሙላ 1 ነጂ ዛሬም ማርሹን የሚመርጠው ራሱ ነው። ማሽኑ የሚሠራው መለወጡን እንጂ መወሰኑን አይደለም። ስለዚህ "በአውቶማቲክ መንዳት ማለት ዝም ብሎ መቀመጥ ነው" የሚለው አባባል በፈጣን መኪና ላይ ልክ አይመጣም።

ታዲያ ማኑዋል ለምን አልጠፋም?

ፖርሽ በ2013 ጂቲ3ን በፒዲኬ ብቻ አወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ጂቲ3 የሩጫ ሜዳ መኪና ነው፣ ፒዲኬ ደግሞ ይፈጥናል። ገዢዎች ግን አኮረፉ። በ2016 ኩባንያው 911 አር የሚባል መኪና ባለ 6 ማርሽ ማኑዋል አድርጎ በ991 ቁጥር ብቻ ሠራ። ወዲያው አለቀ፤ እንደገና ሲሸጥም ዋጋው ከፋብሪካው ዋጋ በብዙ ዘለለ። በዓመቱ ጂቲ3 በማኑዋል ተመለሰ። በ2023 የወጣው 911 ኤስ/ቲ ደግሞ በ1,963 ቁጥር ተወስኖ በማኑዋል ብቻ ቀረበ።

ሰዎቹ ለዘገየው መኪና የበለጠ የሚከፍሉት ለምንድን ነው? ይህን ለመረዳት አንድ መታጠፊያ በቅርብ ማየት ይበቃል። መኪናው በ4ኛ ማርሽ በፍጥነት ወደ ኩርባ እየቀረበ ነው። ነጂው በቀኝ እግሩ ጣቶች ፍሬን ይረግጣል። በግራው ፍሪሲዮን ይረግጣል። እጁ ማርሹን ወደ 3ኛ ያወርዳል። በዚያው ቅጽበት፣ ፍሬኑን ሳያላላ፣ የቀኝ እግሩን ጎን አዘንብሎ ነዳጅ መስጫውን ነካ ያደርጋል፤ የሞተሩ ዙር ለ3ኛ ማርሽ ከሚያስፈልገው ጋር እንዲገጥም። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ይለቃል። ልክ ከሆነ መኪናው ምንም ሳይነጥር ኩርባው ውስጥ ይገባል። ልክ ካልሆነ የኋላ ጎማው ለአፍታ ይንሸራተታል፤ ነጂውም እዚያው ላይ ዋጋውን ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ለመልመድ ወራት ይፈጃል። ማኑዋል የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለዚህች ሰከንድ ነው። ሥራው ራሱ ነው ደስታው። ይህን እንደ ከንቱ ናፍቆት ማጣጣል ተገቢ አይመስለኝም። ፈጣን መኪና ከመነሻውም ለመጓጓዝ ብቻ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ ለስሜት የሚከፈል ገንዘብ በስሜት ቢመዘን ምንም ነውር የለውም።

ጎርደን መሪ የተባለው የመኪና ነዳፊ ያወጣው ቲ.50 ይህን አስተሳሰብ እስከ መጨረሻው ወስዶታል። ክብደቱ ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች ነው። ሞተሩ እስከ 12,100 ዙር በደቂቃ ይወጣል። ለደንበኞች የተወሰነው 100 መኪና ነው። ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ ማኑዋል ነው። አውቶማቲክ ለመግጠም አቅሙ ጠፍቶ አይደለም።

ገዢው የማያየው ነገር፦ የማርሽ ርዝመት

ማኑዋል ሁሉ ግን ይህን ደስታ አይሰጥም። እዚህ ላይ የማኑዋል ወዳጆች ራሳቸው ብዙም አያወሩም።

እያንዳንዱ ማርሽ መኪናውን እስከ ስንት ኪሎ ሜትር ያደርሳል የሚለው በጥርሶቹ ቁጥር ይወሰናል። አምራቾች የጭስና የነዳጅ ፍጆታ መለኪያን ለማለፍ ማርሾቹን እያረዘሙ መጥተዋል። ጥሩ ምሳሌ ፖርሽ 718 ኬይማን ጂቲ4 ነው። ግሩም ሞተር አለው፣ የማርሽ እጀታውም እጅ ላይ ደስ ይላል። ነገር ግን 2ኛ ማርሽ ብቻውን ከ130 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ያደርሳል። ይህ በብዙ አገር ከአውራ ጎዳናው የፍጥነት ወሰን ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ነጂው ሞተሩን በሙሉ ጉልበቱ እያሠራ፣ ሕግ ሳይጥስ፣ ማርሽ የሚለውጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማርሽ ለመለዋወጥ ብሎ ማኑዋል የገዛ ሰው የሚለውጠው ማርሽ አያገኝም።

በአንጻሩ እንደ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያለ አነስተኛ ሞተር ያለው ቀላል መኪና ብዙ ማርሽ ያስለውጣል። ሁሉም በተፈቀደ ፍጥነት ውስጥ ነው። የፈረስ ጉልበቱ እየበዛ በሄደ ቁጥር ማኑዋል ለነጂው የሚሰጠው ሥራ እያነሰ ይሄዳል። እንደ እኔ እምነት ምርጫውን የሚወስነው ዋናው ነጥብ ይህ ነው። 150 የፈረስ ጉልበት ባለው መኪና ማኑዋል ትልቅ ትርጉም አለው። 600 ባለው መኪና ግን ጌጥ ወደ መሆን ይጠጋል።

አምራቾች ለምን ይሸሻሉ?

አንዱ ምክንያት ጉልበት ነው። ቶርክ፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞርበት ኃይል፣ በኒውተን ሜትር ይለካል። ከተወሰነ ልክ በላይ ሲሆን ማኑዋል ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ አይችሉትም። እንዲችሉ ከተደረጉ ደግሞ ፔዳሉ ለግራ እግር ይከብዳል። ስለዚህ ቢኤምደብሊው ኤም3ን በማኑዋል ሲሸጥ 480 የፈረስ ጉልበትና 550 ኒውተን ሜትር ይሰጠዋል። በአውቶማቲክ የሚመጣው ኮምፒቲሽን የተባለው ኤም3 ግን ሲወጣ 510 የፈረስ ጉልበትና 650 ኒውተን ሜትር ነበረው። ማኑዋል የመረጠ ሰው ሳያስበው ደካማውን ሞተርም መርጧል።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ፖርሽ በ2024 911 ጂቲኤስን ሃይብሪድ፣ ማለትም ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራ፣ ሲያደርገው ኤሌክትሪክ ሞተሩን የገጠመው ፒዲኬው ውስጥ ነው። ቀድሞ በጂቲኤስ ላይ የነበረው የማኑዋል ምርጫ አብሮ ሄደ።

የጭሱ ሕግም አለ። አውቶማቲክ በመለኪያው ላይ ኮምፒውተሩ በመረጠው ማርሽ ስለሚሄድ አምራቹ ውጤቱን አስቀድሞ ይቆጣጠረዋል። ከፊት ያለውን መኪና እየተከተለ ራሱ የሚቆምና የሚነሳ ክሩዝ ኮንትሮልም ፍሪሲዮን ካለበት መኪና ጋር አይሄድም። ገዢውም ቀንሷል፤ አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ማኑዋሎቹ 2 በመቶ አይሞሉም። ለጥቂት ሰው ሁለተኛ ካምቢዮ መንደፍ፣ መፈተንና ማስፈቀድ ወጪው አያዋጣም።

መንጃ ፈቃዱም ሌላ ጉዳይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ወይም በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማኑዋል መንዳት አይፈቀድለትም። ጀርመንም እንዲሁ ነበረች። ከሚያዝያ 2021 ወዲህ ግን በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ቢያንስ 10 ክፍለ ጊዜ በማኑዋል ከሠለጠነና በማሠልጠኛው ከተፈተነ ሁለቱንም መንዳት ይችላል። ዱባይ ወይም ለንደን ያለ ወገን ማኑዋል ስፖርት መኪና ከማየቱ በፊት ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ቢያይ ይሻላል።

ጥገናና ዋጋ

ማኑዋል ፍሪሲዮን ያልቃል። ሲያልቅ ግን ምልክት ይሰጣል፤ ይንሸራተታል፣ ይሸታል፣ የሞተሩ ዙር ሲወጣ መኪናው አይከተልም። የሚቀይረው ጋራዥም በየሰፈሩ አለ። ባለ ሁለት ፍሪሲዮን በአግባቡ ከተያዘ ረጅም ዕድሜ አለው። ችግር ሲመጣ ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ ማርሹን ከሚያዙት ኤሌክትሮኒክስና የዘይት ቫልቮች ላይ ነው። ይህን የሚነካ ባለሙያና መመርመሪያ ማሽን በየቦታው አይገኝም። ዘይቱም በወቅቱ መቀየር አለበት። ዳገት ላይ ፍሬን ሳይዙ በነዳጅ ብቻ መኪናውን አቁሞ መጠበቅ ደግሞ ፍሪሲዮኖቹን ያቃጥላል። መኪናው አውቶማቲክ ስለሆነ ፍሪሲዮን የለውም ብሎ ማሰብ ነው ይህን የሚያመጣው።

በሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ሚዛኑ የተገላቢጦሽ ነው። በ2000ዎቹ የተሠሩ ማኑዋል ፌራሪዎች፣ በጊዜው ጥቂት ሰው ስለገዛቸው፣ ዛሬ ከአውቶማቲክ አቻዎቻቸው በብዙ ይበልጣሉ። አውቶማቲኩን ገዝተው ወደ ማኑዋል የሚያስለውጡም አሉ። ይህ ግን ለብርቅ መኪና የሚሠራ ሒሳብ ነው። ተራ ስፖርት መኪና ማኑዋል ስለሆነ ብቻ ዋጋው ይወጣል ብሎ መግዛት ቁማር ነው።

ኤሌክትሪኩ ሲመጣ

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። የኤሌክትሪክ መኪና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቋሚ ማርሽ ብቻ ነው ያለው፤ ሞተሩ ከዜሮ ጀምሮ ሙሉ ጉልበት ስለሚሰጥ ሌላ አያስፈልገውም። ስለዚህ አገር ቤት ላለ ገዢ ምርጫው የሚቀረው ቀድሞ በገቡት መኪኖች መካከል ነው። ህዩንዳይ በ2023 ባወጣው አዮኒክ 5 ኤን ላይ ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮን በሶፍትዌር አስመስሏል። ነጂው ማንሻውን ሲስብ መኪናው ነጠር ይላል፣ በድምፅ ማጉያም የሞተር ድምፅ ይሰማል። አላስፈላጊ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። ነገር ግን ነጂዎች በማርሽ ውስጥ የሚፈልጉት ፍጥነት ብቻ እንዳልሆነ አምራቾች መረዳታቸውን ያሳያል።

ለማን የትኛው?

ሰዓት ይዞ ሩጫ ሜዳ የሚገባ፣ ወይም በየቀኑ በመጨናነቅ ውስጥ የሚውል ሰው አውቶማቲክ ቢመርጥ ያዋጣዋል። የግራ ጉልበቱን የሚያመው ሰውማ ጥያቄም የለበትም። መኪናውን ቅዳሜና እሁድ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ለመንዳት የሚገዛና ኃይሉ መጠነኛ የሆነ መኪና ያገኘ ሰው ማኑዋሉን ይውሰድ። መሀል ላይ ያለው፣ ማለትም ከ400 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ መኪና የፈለገ ሰው፣ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ማኑዋሉ ሞተሩ ተቀንሶበታል ወይ? 2ኛ ማርሽ እስከ ስንት ያደርሳል? ማርሽ ሲወርድ ኮምፒውተሩ በራሱ ነዳጅ ይሰጣል ወይ፣ ከሰጠስ ማጥፋት ይቻላል ወይ? መልሱ ካልጣመው አውቶማቲኩን ይዞ በመሪው ላይ ያሉትን ማንሻዎች ቢለምድ የተሻለ ነጂ ይሆናል። ሁለቱንም ዓይነት በአንድ መንገድ ላይ፣ በተለይም በየቀኑ በሚመላለስበት፣ ነድቶ ማየት አለበት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ ይፈልግ።